አባቴ ተረከዝ ላይ ያለው ጥቁር እብጠት፦ አንዱ «ሜላኖማ»፣ ሌላው «ፖሮማ» አሉን

ጥያቄ፦ «አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ተረከዙ ላይ ጥቁር ነገር ወጣበት። ቀስ እያለ አድጎ አሁን 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኗል። ጫማ ሲነካው ይደማል። ከላዩ ትንሽ ተቆርጦ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ "ሜላኖማ ሊሆን ይችላል" ይላል። ያንኑ ስላይድ (ናሙናው የተለጠፈበትን ብርጭቆ) ሌላ ቦታ ስናሳየው ደግሞ "ቀለም ያለው ፖሮማ ነው፣ ካንሰር አይደለም" አሉን። ማንን እንመን? ዘመዶቻችን ደግሞ "ቢላ ከነካው ይሰራጫል፣ ተዉት" ይላሉ። ግራ ገብቶናል።»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳለሁ። አሁን እጃችሁ ላይ ባለው ትንሽ ናሙና ሁለቱንም ውጤት እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰዱ። እብጠቱ ከሥሩ ሙሉውን ይውጣ። የወጣውም የመጀመሪያውም ናሙና አንድ ላይ ሆኖ የቆዳ በሽታ ፓቶሎጂ (ናሙናን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታን መለየት) በደንብ የሚያውቅ ሰው ይየው። ይህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቅ። ወራት አይፍጅ። «ተዉት» የሚለውን ምክር ግን አትስሙ።

አሁን ወደ ምክንያቱ።

ሰው ጥቁር እብጠት ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ሜላኖማን፣ አደገኛውን የቆዳ ካንሰር፣ ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ግን ጥቁረቱ የሚነግረን እዚያ ቦታ ቀለም መኖሩን ብቻ ነው። ዕጢው ከየትኛው ሴል እንደተነሳ አይነግረንም። የእርስዎ ጥያቄ ያለው ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

የቆዳን ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ናቸው። የላይኛው የቆዳ ንብርብር ወለል ላይ፣ በሌሎች ሴሎች መሃል እየተራራቁ ተቀምጠዋል። ቀጫጭን ክንዶች አሏቸው። አንድ ሜላኖሳይት በእነዚያ ክንዶቹ 36 ለሚሆኑ ጎረቤቶቹ ቀለም ያድላል። ሜላኖማ የሚባለው ራሳቸው እነዚህ ቀለም ሠሪዎች ካንሰር ሲሆኑ ነው። ነገር ግን ሌላም መንገድ አለ። ከላብ ቱቦ፣ ከፀጉር ሥር ወይም ከተራ የቆዳ ሴል አንድ ዕጢ ይነሳል። ጤነኛ ሜላኖሳይቶች ውስጡ ገብተው እንደ ልማዳቸው ቀለም ያድላሉ። ዕጢው ይጠቁራል። ሜላኖማ ግን አይደለም፤ ቀለሙን ያመጣው እንግዳ ነው። ቀለም ያለው ፖሮማ የሚባለው እንዲህ ያለ ነው። ፖሮማ ከላብ ቱቦ ጫፍ የሚነሳ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። በ1956 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፒንከስ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ናቸው በስሙ ለይተው የገለጹት። ውስጥ እግርና መዳፍ ላይ መውጣት ይወዳል። አብዛኛውን ጊዜ ቀላ ያለ፣ እርጥብ የሚመስል፣ በቀላሉ የሚደማ ነው። ዙሪያውን እንደ ቦይ ያለ ጎድጓዳ ክብ ይኖረዋል። የሚጠቁረው በጣም ጥቂቱ ነው፤ ሐኪሞችን የሚያሳስተውም ያ ጥቂቱ ነው።

ቀለሙ ያለበት ጥልቀትም መልኩን ይቀይረዋል። ያው ሜላኒን (የቆዳው ቀለም) ላይ ላዩን ሲሆን ጥቁር ወይም ቡናማ ይመስላል። ወደ ታች ሲወርድ ሰማያዊ ይሆናል። ደግሞ ሜላኒን ሳይኖርም ጥቁር የሚመስል አለ፤ ቆዳ ውስጥ ፈስሶ የረጋ ደም። ተረከዝ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይሄኛው ነው። ሯጮችና ኳስ ተጫዋቾች ያውቁታል። ላዩ በስለት ቀስ ተብሎ ሲፋቅ ደሙ ይለቅና ያልቃል። የአባትዎ ግን ለሁለት ዓመት ያደገና ጉብ ያለ ስለሆነ ይህን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ።

ታዲያ ቆዳ ሐኪሙ ገና ሳይቆርጥ ምን ማየት ይችላል? ደርሞስኮፕ የሚባል፣ ብርሃን ያለው አጉሊ መነጽር አለ። ውስጥ እግርን በእሱ ሲያዩት ልክ እንደታረሰ ማሳ ነው። ጉብታና ትልም፣ ጉብታና ትልም እያለ ይሄዳል። ጉብታዎቹ መሃል ላይ በመስመር የተደረደሩ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። እነሱ የላብ ቀዳዳዎች ናቸው። ጉዳት የሌለው ጥቁር ነጥብ ቀለሙ በብዛት ትልሙን ተከትሎ ይሄዳል። ጅምር ሜላኖማ ደግሞ ጉብታውን ይይዛል። ይህን ልዩነት አጥብቀው ያጠኑት የጃፓን ሐኪሞች ናቸው። በ2004 ባወጡት ጥናት ቀለሙ ጉብታውን የያዘበት መልክ ሜላኖማን ከሌላው የመለየት ብቃቱ (ስፔሲፊሲቲ) 99 ከመቶ ደርሷል። ይህ ማለት ሜላኖማ ካልሆኑት መሃል ይህን መልክ ያሳየው ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ልብ ይበሉ። ዕጢው ጉብ ካለ በኋላ መሃሉ ላይ ጉብታም ትልምም አይታይም። ስለዚህ ሐኪሙ ማየት ያለበት ጠርዙን ነው። ከጥቁሩ እብጠት ወጣ ብሎ፣ ጠፍጣፋው ቆዳ ላይ፣ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም ጉብታዎቹን ይዞ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ወደ ሜላኖማ ያጋድላል። የአባትዎን ተረከዝ በዚህ መሣሪያ ያየው ሰው አለ? ደብዳቤዎ ላይ አላገኘሁትም። ካልታየ ከመውጣቱ በፊት ይታይ፣ ፎቶም ይነሳ። አንዴ ከወጣ በኋላ ያ ጠርዝ አይመለስም።

አሁን ወደ እኔ፣ ወደ ፓቶሎጂስቱ ጠረጴዛ እንምጣ። ሁለቱ ሐኪሞች ያንኑ ስላይድ አይተው ለምን ተለያዩ? አንዱ ሰነፍ፣ ሌላው ጎበዝ ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

ከአባትዎ የተወሰደው ቁራጭ ሰም ውስጥ ተቀብሮ ከ4 እስከ 5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በሆነ ውፍረት ተሸንሽኗል። ብርጭቆ ላይ ተለጥፎ በሐምራዊና በሮዝ ቀለም ተነክሯል። ፖሮማ ከሆነ ማይክሮስኮፕ ሥር የማየው ይህን ነው። ትናንሽ፣ እኩል የሆኑ፣ ክብ ኒውክለስ (የሴል እምብርት) ያላቸው ሴሎች ከላይኛው ቆዳ እንደ መጋረጃ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከጤነኛው ቆዳ ጋር ያላቸው ድንበር በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። መሃላቸው ላይ እዚህም እዚያም ሮዝ ጠርዝ ያላቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። የላብ ቱቦ ለመሥራት የሚሞክሩት እዚያ ነው። ቀለም ካለበት ደግሞ በእነዚህ ሴሎች መሃል ነጠላ ነጠላ ሜላኖሳይቶች ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመው አያለሁ። ሜላኖማ ሲሆን ሌላ ነው። ሴሎቹ ትላልቅና እኩል ያልሆኑ ናቸው። ጎጆ ጎጆ ሠርተው ይሰበሰባሉ፤ ጎጆዎቹም አይመሳሰሉም። ወደ ላይ ወደ ቆዳው ገጽ ይሽቀዳደማሉ። ሲከፋፈሉ የተያዙ ሴሎችን ታች ድረስ አገኛለሁ።

እንዲህ ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ቀለሙ ከበዛ ግን ምንም አይታይም። ስላይዱ ላይ የሚታየው የከሰል ክምር ብቻ ይሆናል። ኒውክለሱ የት እንዳለ እንኳ አይለይም። ያኔ ሜላኒኑን በኬሚካል ማንጣት ያስፈልጋል። ከነጣ በኋላ ሴሉ መልኩን ያሳያል። ሁለተኛው ችግር ማቅለሚያው ነው። የሴሉን ዓይነት ለመለየት በፀረ እንግዳ አካላት የሚሠሩ ልዩ ማቅለሚያዎች አሉን። የተለመደው ውጤታቸው ግን ቡናማ ነው። ሜላኒንም ቡናማ ነው! ቡናማ በቡናማ ላይ ሲሆን የቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ጥቁር ዕጢ ሲገጥመን በቀይ የሚወጣውን እንጠቀማለን። ይህን ትንሽ ነገር በመዝለል ብቻ የተሳሳተ ውጤት አይቻለሁ።

በቀይ ሲሠራ ጥያቄው ግልጽ ይሆናል። ሜላን-ኤ በሚባለው ማቅለሚያ ዕጢው ራሱ ከዳር እስከ ዳር ከቀላ፣ ዕጢው የሜላኖሳይት ነው። ክንዳቸውን የዘረጉት ነጠላዎቹ ብቻ ቀልተው የቀረው ጅምላ ካልቀላ፣ ቀለሙ የእንግዳ ነው። ያ ጅምላ የቆዳና የላብ ቱቦ ሴሎችን በሚያሳየው የኬራቲን ማቅለሚያ ይቀላል። ጥቃቅን ቱቦዎቹን ደግሞ ኢኤምኤ እና ሲኢኤ የሚባሉት ያወጧቸዋል። ከ2018 ወዲህ ፕሬም የሚባልም ተጨምሯል። በአብዛኞቹ ሜላኖማዎች ውስጥ በብዛት ይታያል፤ በተራ ጥቁር ነጥብ ውስጥ በዚያ መጠን አይታይም። ጥሩ ረዳት ነው። ብቻውን ግን አይፈርድም። ያመለጡት ሜላኖማዎች አሉ፤ ሳይሆኑ የቀሉም አሉ። ሁለቱም ቦታዎች የትኞቹን ማቅለሚያዎች እንደሠሩ ውጤቱ ወረቀት ላይ ይፈልጉ። አንዳቸውም ካልሠሩ ሁለቱም የሰጧችሁ በዓይን ብቻ የተሰጠ አስተያየት ነው። ማቅለሚያው አሁንም ሊሠራ ይችላል፤ ሰም ውስጥ ያለው ቁራጭ አይበላሽም።

ትልቁ ችግር ግን የናሙናው ትንሽነት ነው። ደብዳቤዎ «ከላዩ ትንሽ ተቆርጦ» ይላል። ከላይ የተላጠ ቁራጭ ጠርዙንም ሥሩንም አያሳይም። ዕጢው በግራና በቀኝ አቻ ነው ወይ? ወደ ታች ሲወርድ ሴሎቹ እያነሱ ነው ወይስ እያበጡ? ድንበሩ ምን ይመስላል? ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፍርዳችን በእነዚህ ላይ ይቆማል። ቁራጩ ውስጥ ከሌለ ማንም ጎበዝ ሊያነበው አይችልም።

ይህን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ዓመታት አልፈዋል፤ አልረሳሁትም። ከአንዲት የ19 ዓመት ልጅ ጭንቅላት ላይ የተወሰደ ናሙና መጣልኝ። የሩዝ ፍሬ አታህልም። የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁለት ቃል ነበር፦ «ጥቁር እብጠት»። ስላይዱ ጥቁር በጥቁር ነው። «ሜላኖማን ይጠቁማል» ብዬ ጻፍኩ። ሙሉው ሲወጣ ሌላ ነገር ሆነ። ዕጢው ከላይ ሰፊ፣ ከታች ደግሞ እንደ ክብደት ማንሻ ብረት ጫፍ ክብ ብሎ ስብ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ሴሎቹ የተረጋጉ፣ የማይከፋፈሉ ናቸው። ሴሉላር ብሉ ኒቨስ የሚባለው ነበር፤ ጭንቅላትና መቀመጫ ላይ መውጣት የሚወድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ጥቁር ነገር። እናቷን ሳነጋግር «ከሕፃንነቷ ጀምሮ አለ፤ ማርያም የሳመቻት ነው እንል ነበር» አሉኝ። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሜ ብሰማ ኖሮ የጻፍኩት ቃል ሌላ ይሆን ነበር። ያ ቤተሰብ ለሦስት ሳምንት ያልተኛው በእኔ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቃል ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ሲመጣልኝ ስላይዱን ከማየቴ በፊት ስልክ አነሳለሁ።

ዕድሜና ታሪክ ምን ያህል ፍርድ እንደሚቀይሩ የሕክምና ታሪክም ያሳየናል። ሶፊ ስፒትዝ የምትባል አሜሪካዊት ፓቶሎጂስት በ1948 «የልጆች ሜላኖማ» ያለቻቸውን ዕጢዎች ጽፋ አወጣች። ማይክሮስኮፕ ሥር የሚያስደነግጡ ናቸው። ልጆቹ ግን አብዛኞቹ በሕይወት ኖሩ። ዛሬ እነዚያን ዕጢዎች ስፒትዝ ኒቨስ እንላቸዋለን፤ ብዙዎቹ ካንሰር አይደሉም። መልካቸው አልተለወጠም፣ የተለወጠው የእኛ ንባብ ነው።

ብርቅ ከሚባሉት ጥቁር ዕጢዎች ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ፤ ስማቸውን ውጤት ላይ ካዩ እንዳይደነግጡ። ቤድናር ዕጢ የሚባለው በ1957 የተገለጸ ነው። ከቆዳ ሥር በዝግታ የሚሰፋ የሳርኮማ (ከማያያዣ ሕብረ ሕዋስ የሚነሳ ካንሰር) ዓይነት ሲሆን ውስጡ ቀለም የገባበት ነው። ሩቅ አካባቢ መሰራጨት አይወድም። በደንብ ካልወጣ ግን ይመለሳል። ሌላው ፒግመንትድ ኤፒተሊዮይድ ሜላኖሳይቶማ ነው። ይህ ስም የመጣው በ2004 ነው። ከሁሉም በላይ ጥቁር እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። አልፎ አልፎ ንፍፊት ድረስ ይሄዳል፤ ያም ሆኖ ታማሚዎቹ በአብዛኛው ደህና ይኖራሉ። «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው ጥያቄ አንዳንዴ አጭር መልስ የሌለን በእንደዚህ ያሉት የተነሳ ነው። ሐኪሙ ሲያቅማማ ካዩት ሁልጊዜ የሚደብቀው ነገር ስላለ አይደለም።

ዘመዶቻችሁ ወዳሉት ልምጣ። ፍርሃታቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥም አለ። ግን ስህተት ነው። መጀመሪያ ናሙና ተወስዶላቸው ኋላ ሙሉው የወጣላቸውና በአንድ ጊዜ ሙሉው የወጣላቸው የሜላኖማ ታማሚዎች ሲነጻጸሩ፣ ናሙና መወሰዱ የመኖር ዕድልን አልቀነሰም። «ተቆረጠና ባሰበት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የተቆረጠ ነው። ከመቆረጡ በፊትም ተሰራጭቶ ነበር። በእውነት የሚጎዳው ሌላ ነው። ኪንታሮት ነው ተብሎ በአሲድ ማቃጠል፣ ናሙና ሳይወስዱ በኤሌክትሪክ ወይም በሌዘር ማንሳት፣ ወይም ቆርጦ ወደ ላብራቶሪ ሳይልኩ መጣል። እነዚህ ማስረጃውን ያጠፉታል። እባክዎ አባትዎን ከእነዚህ ይጠብቋቸው።

ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ሜላኖማ ለምን እንደሚያሳስበኝም ልንገርዎ። የዚህ ዓይነቱ ሜላኖማ ከፀሐይ ጋር ብዙም አይገናኝም። ጥቁር ቆዳ ያለውንም ነጭ ቆዳ ያለውንም ሰው በተቀራረበ መጠን ይይዛል። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ሜላኖማ ከወጣ ደግሞ በብዛት የሚገኘው እዚያው፣ ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። ግን «ሜላኖማ የነጭ በሽታ ነው» ስለሚባል ማንም እግሩን አያይም። ቦብ ማርሌ የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የወጣበት ነገር ሜላኖማ መሆኑ በ1977 ታወቀ። መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። በ1981 ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር። ይህን የማነሳው ላስፈራራዎ አይደለም። ሁለት ዓመት ያደገና የሚደማ ጥቁር እብጠት ተረከዝ ላይ ይዞ «ፖሮማ ነው ተብለናልና እንተወው» ማለት እንዳይመጣ ነው።

እብጠቱ ሲወጣ መጀመሪያ በጠባብ ዳር፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ይዞ፣ እስከ ስቡ ድረስ ይውጣ። ገና ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሰፊ ቁስል መክፈት አያስፈልግም። ፖሮማ ሆኖ ከተገኘ ሙሉ በሙሉ መውጣቱ ራሱ ሕክምናው ነው። ጥቂት ፖሮማዎች ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ስለሚለወጡም ነው ትርፍራፊ እንዳይቀር የምንፈልገው።

ሜላኖማ ከሆነ ወሳኙ ቁጥር ውፍረቱ ነው። ብሬስሎው የሚባል ፓቶሎጂስት በ1970 ያመጣው መለኪያ ነው፤ ከቆዳው የላይኛው ክፍል እስከ መጨረሻው ታች የገባ የካንሰር ሴል ድረስ በሚሊ ሜትር ይለካል። ከላይ በተላጠ ቁራጭ ይህ በትክክል አይለካም፤ ሙሉው ይውጣ የምለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዳሩ ድጋሚ በ1 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ በ2 ሴንቲ ሜትር። ውፍረቱ በእነዚህ መሃል ከሆነ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ተረከዝ ላይ ይህን ያህል ሲወጣ ከሌላ ቦታ ቆዳ መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ቀዶ ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁት። ውፍረቱ ከ0.8 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይም ላዩ ከቆሰለ፣ ካንሰሩ ቢሰራጭ መጀመሪያ የሚደርስበትን ብሽሽት ላይ ያለ ንፍፊት ስለመመርመርም ይነጋገራሉ።

እስከዚያው ድረስ አባትዎ እንዳይነካኩት፣ በጥፍርም በምላጭም እንዳይቆርጡት። በንጹሕ ፋሻ ሸፍነው ሰፋ ያለ ጫማ ያድርጉ። ሌላውን እግራቸውን፣ የጣቶቻቸውን መሃልና ጥፍሮቻቸውን በጥሩ ብርሃን ይዩላቸው። ግራ ብሽሽታቸው ላይ ጠጠር ያለ እብጠት ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲደርስ የመጀመሪያውን ስላይድና ሰም ውስጥ ያለውን ቁራጭ ከላብራቶሪው ጠይቀው ይውሰዱ፤ ሳይፈሩ ይጠይቁ። ሁለቱንም የውጤት ወረቀቶች ይያዙ። አንዱን አይደብቁ፤ «ሳያውቅ ይፍረድ» ብለው የሚደብቁ አሉ፣ ግን የሚጎዳው ታማሚው ነው። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠው ያነሱት ፎቶም ካለ ይጨምሩ። ከዚያ ሐኪሙ የመጠየቂያ ወረቀቱን ሲሞላ አጠገቡ ይሁኑና ይህችን በደንብ እንዲጽፍ ይለምኑት፦ «61 ዓመት፣ ግራ ተረከዝ፣ 2 ዓመት የቆየና እያደገ ያለ፣ 12 ሚሊ ሜትር፣ የሚደማ፣ ቀደም ሲል ከላዩ ናሙና የተወሰደበት፣ ሜላኖማ ወይስ ቀለም ያለው ፖሮማ?»